የቧንቧ ውሃችሁ ሲበላሽ፦ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ወይስ የሮቶው?

አዳማ ውስጥ ቧንቧ መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደንበኛ ሲደውል የሚለኝ ያው ነው፦ «ውሃው ተበላሽቷል፣ ና እየው።» እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየትኛው ቧንቧ ነው የቀዳችሁት?» ብዬ ነው። ብዙ ግቢ ሁለት ዓይነት ውሃ አለው። አንዱ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣው፣ ሌላው ሮቶ ውስጥ አድሮ የሚወርደው። የሁለቱ ችግር ለየቅል ነው።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ንጹህ ብርጭቆ ያዙ። አንዱን ቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ሌላውን ከሮቶው ቅዱ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና አስተያዩ፣ አሽትቱም። ሁለቱም ከተበላሹ ጉዳዩ የመስመር ነው። የሮቶው ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ነው።

ውሃው ነጭ ሆኖ ሲመጣ

ብርጭቆውን አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከመጣ አየር ነው። ውሃ ጠፍታ ስትመለስ ይህ ያጋጥማል፣ ጉዳት የለውም።

ቡናማ ሲሆን፣ ደለል ሲኖረው

ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፍታ ስትመጣ የመጀመሪያው ግፊት ዝገቱንና ደለሉን ጠራርጎ ያመጣል። ያኔ ፈጥናችሁ የሮቶውን መግቢያ ዝጉ። ቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ቅዱት፣ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። መግቢያውን የምትከፍቱት ከጠራ በኋላ ነው። ጎረቤት ጠርቶለት የእናንተ ብቻ በየጠዋቱ ቡናማ ከሆነ ግቢ ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ ዝጓል ማለት ነው። እሱን ማጣሪያ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። የሰፈሩ ሁሉ ደፍርሶ ከዋለ ለውሃ አገልግሎት ደውሉ። ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ጀርምም ከደለሉ ውስጥ ይደበቃል።

ሲሸት

የክሎሪን ሽታ ቀለል ያለ ከሆነ ብልሽት አይደለም። እንዲያውም ውሃው መንገድ ላይ ጠባቂ እንዳለው ይነግራችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት የሚደርስ ውሃ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ቢቀረው ጥሩ ነው ይላል። ሽታው ከከበዳችሁ ጆግ ውስጥ ክፍቱን ጥቂት አቆዩት።

የአፈር ወይም የሻጋታ ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። የአዳማ ውሃ ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ተስቦ የሚጣራ ነው። ቆቃ ላይ ደግሞ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው፣ ውሃውን እንደ ቀለም የሚሸፍነው ጥቃቅን ሕይወት ይበዛል። ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ካዳረሰ አሳውቁ፣ ምላሽም ጠይቁ። «አፍልቼ እጠጣለሁ» ብላችሁ አትለፉት፤ አንዳንዱ አልጌ የሚለቀው መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

የሮቶው ብቻ ሲበላሽ

በጣም የማየው ይህን ነው። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ግቢ ተጠርቼ ነበር። የቤቱን እመቤት «እማማ፣ ሮቶው መቼ ታጠበ?» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ከተሰቀለ ወዲህ ማንም አልወጣበትም» አሉኝ። ወጣሁ። ክዳኑን ንፋስ ወስዶታል፣ አፉ በፌስታል ታስሯል። ውሃው ላይ አቧራና የእርግብ ላባ ተንሳፏል። እጄን ሰድጄ ግድግዳውን ስነካው እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል። ከስር ደግሞ የጣት ውፍረት ያህል ጭቃ ተኝቷል።

የክሎሪን መለኪያ ኪኒን ነበረኝና ሁለት ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩ። የቆጣሪው ውሃ ወዲያው ሮዝ ሆነ። የሮቶው ምንም አልተቀየረም። ደህና ሆኖ የገባ ውሃ ሮቶው ውስጥ ክሎሪኑን አጥቷል ማለት ነው። ፀሐዩና ጭቃው ጨርሰውታል። እማማም ሮዙን ሲያዩ «እኔ እኮ የመንግሥትን ውሃ ነበር የምረግም» አሉ።

መፍትሄው ይኸው። ሮቶውን አራግፉ፣ በብሩሽ ፈግፍጉ፣ አለቅልቁ። በውሃ ሙሉትና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና አፍስሱ። የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ክፈቱ፣ ከዚያ ዝጉና ይደር። ያን ሌሊት ማንም እንዳይጠጣ፣ ልጆችን አደራ። ጠዋት ሁሉንም ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ሙሉ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ሮቶ ውስጥ ገብታችሁም አትርጩት፣ ጭሱ ያፍናል። ክዳኑን በደንብ ግጠሙ። እኔ በየ3 ወሩ እጠቡ እላለሁ፣ የአዳማ አቧራ አይምርም።

ውሃው ጥርት ብሎ ቤተሰቡን ሲያስቀምጠው

ይህ ከሁሉም ያስፈራኛል፣ ዓይን አያየውምና። መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል የውጭ እርጥበት ይስባል። ቧንቧው በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ካለፈ የሚስበው ምን እንደሆነ ገምቱት። በዚህ ላይ ዲናሞ በቀጥታ ከመስመር ጋር አገናኝቶ የሚስብ ጎረቤት ካለ ይብሳል። እባካችሁ ዲናሞ ከመሬት ታንከር ብቻ ይሳብ፣ ከመስመር አይሁን። የጎረቤት ልጅ የሚታመመው እንዲህ ነው።

ለጊዜው ውሃውን ገንፍሎ ቢያንስ 1 ደቂቃ እስኪፈላ አፍሉት። ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የሱቅ በረኪና ለመጠጥ አትጠቀሙ፣ ጥንካሬው ስለሚለያይ መጠኑን መገመት ከባድ ነው። ከአንድ ቤት በላይ ከታመመ ለጤና ጣቢያውም ለውሃ አገልግሎቱም በዚያው ቀን ንገሩ።

የልጆች ጥርስ ሲበልዝ

የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፣ የወንጂ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በእድገት ላይ ያለ ጥርስ ይበልዛል፣ ብዙ ሲቆይ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ማፍላት ውሃውን እያተነነ ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል እንጂ አያወጣውም። ክሎሪንም አይነካውም፣ የአሸዋ ማጣሪያም እንዲሁ። የሚያወጣው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። እሱ ካልተቻለ ቢያንስ ለመጠጥና ለወጥ የታከመ የከተማ ውሃ ወይም በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ ዝናብ ተጠቀሙ፣ ጉድጓዱ ለልብስ ይሁን። ከልጆቹ ጀምሩ።

ስታመለክቱ

«ውሃው መጥፎ ነው» ብቻ አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየትኛው ቧንቧ እንደተቀዳና ስንት ቤት እንዳጋጠመው ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ለጀርም ምርመራ ግን ናሙና በሃይላንድ ይዛችሁ አትሂዱ። ላቦራቶሪው የሚሰጠው ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ አለ። ከቆጣሪው ቧንቧ ቅዱበት፣ አፉን በእጃችሁ አትንኩ፣ በበረዶ ይዛችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱት። ውጤቱ ላይ ኢ ኮላይ፣ ማለትም ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚያሳየው ጀርም፣ በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ መሆን አለበት። አንድም ቢገኝ ውሃው የአገሪቱን አስገዳጅ ደረጃ አላሟላም። ያን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።