ልብን በሶፍት ካርቶን ማዳመጥ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ የፋሲል ግንብን ደረጃ ሮጦ ወጣና «አክስቴ፣ ልቤ ልትወጣ ነው!» አለኝ። ነርስ አክስት ያለው ልጅ ትምህርት አይቀርለትም። ቤት ስንገባ አስተማርኩት።

ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን ይበቃል። የልብ ማዳመጫን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክም በ1816 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጀመረው በተጠቀለለ ወረቀት ነው። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ቡና የሚወቀጥም ከሆነ ይቆይ፤ እኔ አንዴ በሙቀጫ ድምፅ ተሸውጃለሁ። ካርቶኑን ከግራ ጡት ጫፍ ዝቅ አድርጋችሁ ባዶ ደረት ላይ ግጥም አድርጉት። ጆሯችሁን በሌላው ጫፍ።

«ድምም–ድፕ» ይላል። ብዙ ሰው ጡንቻው ሲመታ የሚሰማ ይመስለዋል። የምንሰማው ግን በዋናነት የቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ የልብ በሮች፣ መዘጋት ነው። «ድምም» ላይ የታችኞቹ ክፍሎች ይጨመቃሉ፤ ደም ወደ ላይ እንዳይመለስ በመሃል ያሉት ሁለቱ ቫልቮች ይዘጋሉ። «ድፕ» ላይ ደሙ ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት ወጥቷል፤ የመውጫዎቹ ቫልቮች ይዘጋሉ። ቀጥሎ ጸጥታ። ልብ እየሞላች ነው።

30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙ። «ድምም–ድፕ» አንድ ምት ነው! የኛው ጎበዝ ሁለት ብሎ ቆጥሮ 200 አስገባው። ላረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው።

በመሃል «ሽሽ» የሚል ከሰማችሁ አትደንግጡ፤ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ግን ሐኪም ይስማው። በተለይ ቶንሲል የሚመላለስበት ልጅ ከሆነ፣ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል።