62 ልጅ በአንድ ክፍል፦ የንባብ ደረጃቸው የተለያየ ተማሪዎችን እንዴት መያዝ ይቻላል

ሦስተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር 62 ልጆች ነበሩኝ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ተከትለው ያነባሉ፣ ክፍሉ ይናወጣል። ጥሩ እየሄድን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ አጠገብ ቆምኩና ከምንባቡ መሃል «ሎሚ» የምትለውን ቃል በጣቴ ነክቼ «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ»። ወደ ሚ ሲሻገር ሎ ጠፍታበታለች። ለካ ምንባቡን በቃሉ ይዞት ኖሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን የት እንዳለ እወቁ። በኅብረት ንባብ አይታወቅም። መጽሐፉ ላይ የሌሉ አሥር ቃላት ወረቀት ላይ ጻፉና ሌሎቹ ሲገለብጡ በቀን አምስት አምስት ልጅ ወደ ጥግ እየጠራችሁ አስነብቡ። ለ62 ልጅ 13 ቀን ይፈጃል፣ ግን ይገባዋል። ልጁ ጀርባውን ለክፍሉ ይስጥ፣ እናንተ ፊታችሁን ወደ ክፍሉ አዙሩ፤ እሱ አያፍርም፣ እናንተም ሌሎቹን ታያላችሁ። ደብተራችሁ ላይ ይቆጥራል (እንደዚያ ልጅ ከለ ጀምሮ ቆጥሮ ፊደሉ ላይ የሚደርስ)፣ ይጎትታል (ፊደል በፊደል እየጎተተ የሚያነብ)፣ ያነባል ብላችሁ መዝግቡ። ይበቃል።

ቡድን ከመመሥረታችሁ በፊት ሥርዓቱን አስለምዱ። መጽሐፍ ማን ያድላል፣ ሰሌዳ ማን ያጠፋል፣ ሁለቴ ሲጨበጨብ ሁሉም እጁን ዴስክ ላይ ያደርጋል። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ደጋግሙት። አለቃን «የረባሽ ስም ጻፍ» ማለቱን ግን ተዉት። ልጆቹን ያጣላል፣ ክፍሉንም ጸጥ አያሰኝም።

አሁን ከባዱ ነገር፣ ቡድኑ። እኔ መጀመሪያ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ከፈልኳቸው፤ ጎበዞቹ ሀ፣ የማያነቡት ሐ። በማግስቱ እረፍት ላይ «የሐ ልጅ» ስድብ ሆኖ ሰማሁት። አንዲት ልጅ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። እናቷ መጥተው ሲነግሩኝ ነው ጥፋቱ የኔ መሆኑ የገባኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል። አደራ፣ ቡድኑን ደረጃ በሚናገር ስም አትጥሩት፣ ልጆቹንም ቀኑን ሙሉ ለይታችሁ አታስቀምጡ። ስሙ ዋርካ፣ ዋንዛ፣ ወይራ ቢሆን ይሻላል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 20ው ብቻ በቡድን ይሁን፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ። አንድ ጎበዝ አምስት ልጆችን እንዲመራ አንድ ለአምስት ማደራጀቱንም ሞክሬዋለሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ።

በ20ው ደቂቃ የሚያነቡት ታሪክ አንብበው ሦስት ጥያቄ ያወጣሉ። የሚጎትቱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነባበባሉ። እናንተ በየቀኑ ከሚቆጥሩት ጋር ቁጭ በሉ። በተራ ልዙር ካላችሁ ለነሱ የምትደርሱት በሦስት ቀን አንዴ ነው።

ለነሱ ከማንኛውም የተገዛ ቻርት ቆርኪ ይሻላል። ከሻይ ቤት ለምኑ፣ ውስጡ ላይ በማርከር አንድ አንድ ፊደል ጻፉበት። ችግራቸው ፊደሉን እንደ ዜማ መያዛቸው ስለሆነ ዜማውን መስበር አለባችሁ። ስለዚህ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስተምሩ። ካዕብን (የየፊደሉን ሁለተኛ ድምፅ) ብቻ ደርድሩ፤ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። ቅጥያዋ ወገቡ ላይ እንዳለች ራሳቸው ያግኙት። ሣልስ (ሦስተኛው) ላይ ወደ እግሩ ትወርዳለች፣ ኃምስ (አምስተኛው) ላይ ቀለበት ትሆናለች። እነ ሩ ያፈነግጣሉ፣ እነሱን ለብቻ አሳዩ። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው) መልካቸው ስለሚለዋወጥ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ከዚያ ቆርኪዎቹን አደባልቃችሁ ቃል አሠሩ። ሎን አንስቶ ሚን አጠገቧ ሲያስቀምጥ ልጁ መቁጠሩን ይረሳል።

በየወሩ እንደገና አስነብቡና ቡድኑን በውጤቱ ቀይሩ። አሥሩን ቃላት ግን ለውጧቸው። የመጀመሪያዎቹን እረፍት ላይ ተነጋግረው በቃላቸው ይዘዋቸዋል።