ከጎንደር ጣና ወርዳችሁ ካያክ መቅዘፍ ለምትፈልጉ

ጎንደር ቁጭ ብሎ ካያክ፣ ማለት ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚቀዘፍ ጠባብ ጀልባ፣ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የት ልቅዘፍ ነው። አንገረብ እንዳትሉኝ፣ እሱ የምንጠጣው ውሃ ነው። መገጭ ወንዝም አይሆንም፣ ክረምት ደምቢያን የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ነው፣ በጋ ደሞ ጀልባችሁን ድንጋይ ላይ ስትጎትቱ ነው የምትውሉት። አባይ ከጣና ሲወጣ ባህርዳር ጋ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደውና ያጓጓል፣ ግን ወዲያው ጨራጨራ የሚባለው የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ፣ ግድብ ደሞ ውሃው ከሚመጣበት በኩል ሆናችሁ ስታዩት ዝም ያለ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚመስለው፣ ከዛ በታች ደሞ ጢስ አባይ አለ፣ በቃ ለጀማሪ አይሆንም።

ስለዚ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ። በአዘዞ በቆላድባ አድርጎ 60 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል ዝናቡም አብቅቷል።

አሁን ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ጣና ጠዋት ዝም ይልና ከሰዓት ይነሳል፣ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል፣ ሞገዱ ደሞ ለትንሽ ካያክ ቀልድ አይደለም። እንግዲያው ዶሮ ሲጮህ እንነሳ እንዳትሉ ደሞ፣ ጉማሬ ሌሊቱን ሳር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ነው ወደ ውሃ የሚመለሰው፣ በሱና በጥልቁ ውሃ መሀል መገኘት ማለት እንግዲህ... አትገኙ በቃ። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ፣ 5 ሰዓት ላይ የብስ ላይ ሁኑ። ከመግባታችሁ በፊት ታንኳ የሚቀዝፉትን ዓሣ አጥማጆች "ጋሼ፣ ጉማሬው ዛሬ የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል። ደንገሉ ውስጥ ተጠግታችሁ አትሂዱ፣ መታጠፊያ ጋ ስትደርሱ ጀልባውን በመቅዘፊያው ኳ ኳ አድርጉት፣ መምጣታችሁን ይስማ።

አቀዛዘፉ ላይ ብዙ ሰው በክንዱ ይጎትትና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ትከሻዬ ይላል። መጀመሪያ መቅዘፊያውን አናታችሁ ላይ አድርጉት፣ ክርናችሁ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ እጃችሁ ያለበት ቦታ ነው መያዣው። አጥብቃችሁ አትያዙት፣ ጣታችሁ ነጭ ከሆነ ላላ አድርጉት፣ አለበለዚያ መዳፋችሁ ውሃ ይቋጥራል። ከዛ የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ጫፍ እግራችሁ ጣት አጠገብ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አስገቡትና ወገባችሁን አዙሩ፣ በቀኝ ስትቀዝፉ በቀኝ እግራችሁ ገፋ አድርጉ፣ ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ አውጡት። አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ጀልባው አፍንጫውን ያዞራል፣ ጀማሪ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄደው በዚ ነው። መታጠፍ ስትፈልጉ ከጀልባው አርቃችሁ ሰፋ ያለ ግማሽ ክብ ቅዘፉ፣ በግራ ከቀዘፋችሁ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጀልባው ካኑ የሚባለው ላዩ ክፍት የሆነው ከሆነና ሁለት ከሆናችሁ የፊተኛው ሪትም ይስጥ የኋለኛው ይምራ፣ ሁለታችሁም እንምራ ካላችሁ ግን ጭቅጭቅ ብቻ ነው ትርፉ።

ረጋ ብላችሁ ከቀዘፋችሁ በሰዓት 4 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚ መመለሻውን ቆጥራችሁ ነው ሩቅ የምትሄዱት። ሁለት ሰዓት ወደፊት ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያስቀር ሰው አለ እንዴ? አለ ምን ነካችሁ።

ላይፍ ጃኬት ልበሱት፣ መቀመጫ አታድርጉት። ዋና እችላለሁ አይሰራም፣ የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ቢሆንም ዳሩ ጭቃና ሥር ነው እግር ይይዛል። ከተገለበጣችሁ ጀልባውን አትልቀቁ፣ ከናንተ ይልቅ እሱ ነው የሚታየው። ስልክ ሁለት ፌስታል ውስጥ፣ በሶና ውሃ፣ ባርኔጣ፣ በቃ። የሚነፋ ካያክ ያላችሁ ደሞ ጠዋት በብርድ ጢም አድርጋችሁ ነፍታችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ አየሩ ሲሞቅ ይሰፋል ስፌቱም ይከፈታል።

እምቦጭ የሚባለው አረም ሌላ ነገር ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው ጣና ላይ የታየው፣ በነፋስ እየተንሳፈፈ ስለሚሄድ ጠዋት ያለፋችሁበት መንገድ ስትመለሱ ዝግ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ መሀሉን ሰንጥቄ እወጣለሁ አትበሉ፣ ዞራችሁ ሂዱ።

ወጥታችሁ ቶሎ በፎጣ ደረቅ በሉ፣ ዳር ዳር ላይ በቆዳ የሚገባ የቢልሃርዚያ ትል አለ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሆድ ካመማችሁ ወይ ሽንት ላይ ወይ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ጣና መግባታችሁን ለሐኪም ንገሩ። ካያኩንም አገላብጣችሁ እዛው አራግፉት፣ ከመቀመጫው ስር የተሸጎጠች ትንሽ የእምቦጭ ቁራጭ ራሷ ትበቅላለች፣ ጎንደር ይዛችሁ እንዳትመጡ።