ልጅ ሆኖ የሞተ ዘመድ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ጎንደር፣ እናቴ ቤት፣ ከልብስ ሣጥን ሥር ወጣ። ቁንጮ ያለው ልጅ በባዶ እግሩ ቆሟል። ከጀርባው በእርሳስ «1938» ተጽፏል። «ማነው?» ስላት እናቴ «የአባቴ ታላቅ ወንድም ሳይሆን አይቀርም፤ በልጅነቱ የሞተው» አለችኝ። ከዚያና ሞተ ከተባለበት ዓመት በላይ የምታውቀው የለም። እኔ ላጣራ ተነሣሁና ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ግማሹን የበላው የራሴ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ልጁ የሞተው በ1931 ነው ሲባል እናቴ ሰምታለች። ፎቶው ደግሞ 1938 ይላል። የሞተ ልጅ ከሰባት ዓመት በኋላ ፎቶ አይነሣም ብዬ ወደ ሣጥኑ መለስኩት። ግን ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በመጋቢት 1928 ነው፤ የተሸነፈው በኅዳር 1934። ያን ጊዜ ካሜራ የያዘው ፈረንጅ፣ ቀኑንም የሚጽፈው በራሱ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ 1938 እስከ መስከረም ድረስ የእኛ 1930 ነው፤ ከመስከረም በኋላ 1931። ልጁ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው የተነሣው ፎቶ ነበር። እኔ የሌላ ልጅ ነው ብዬ ስንት ወር ተኛሁበት!

ሁለተኛው ስህተት የቤት መጠሪያ የሚመስል ስም ብቻ መፈለግ ነው። የቤተሰባችን ዳዊት መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ላይ የልደትና የሞት ማስታወሻ አለ። ሦስት ጊዜ አገላብጬ አጣሁት። ለካ የተጻፈው በክርስትና ስሙ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚሰጠው ስም ነው መጽሐፍና ጸሎት ውስጥ የሚገባው። «ገብርከ» ካለ ወንድ ነው፤ «አመትከ» ካለ ሴት። ደግሞ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ ደህና አድርጋችሁ እዩ። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የአዲሱ ይጻፍ ነበር። ቅጠሉን ወደ መስኮት አዙራችሁ በብርሃን ብታዩት የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ይታያል።

ማስታወሻው ዓመት የለውም፤ «በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» ብቻ ይላል። ዓመት ካልተጻፈ አይረባም ብሎ ማለፍ ሌላው ስህተት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ለእኔ ልጅ 1918፣ 1922 ወይም 1926 ነው። በ1926 ከተወለደ ፎቶው ላይ የአራት ዓመት ሕፃን መሆን ነበረበት፤ በ1918 ከሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ጎረምሳ። ልጁ ሁለቱንም አይመስልም። ስለዚህ 1922።

ይህን ለማረጋገጥ የአያቴ ታናሽ እህት ዘንድ ሄድኩ። እዚህም ተሳሳትኩ። ገና ከመቀመጤ «እምዬ፣ ስንት ዓመቱ ነበር? በምን ሞተ?» አልኳት። ፊቷን አዞረች። እሷ እሱን አልደረሰችበትም፤ የምታውቀው እናቷ እያለቀሰች የነገረቻትን ነው። ሌላ ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ሞቱን ትቼ ኑሮውን ጠየቅሁ። «ጣሊያን ሲገባ ምን ይሠራ ነበር?» «ጥጃ ይጠብቅ ነበር፤ ለከብት ገና አልደረሰም» አለች። ጥጃ ጠባቂ ማለት የስድስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከ1922 ጋር ልክክ! የድሮ ሰው ዕድሜ የሚቆጥረው በሆነ ነገር ነው። ከዚያም በፊት ላለ ሰው «በኅዳር በሽታ ጊዜ» ካሏችሁ 1911 ነው፤ «በደርቡሽ ጊዜ» ካሏችሁ ደግሞ የሱዳን ማህዲስቶች ጎንደርን የወረሩበት 1880 አካባቢ።

በጣም የቆጨኝ ግን ይኼኛው ነው፤ የታናናሾቹን ስም አለማየት። ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ካለ ከፊቱ ማን እንደሞተ ጠይቁ። እርግጥ ካሳ የሌላ ሐዘን ካሳም ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአያቴ የመጨረሻ ወንድም ከነዚህ ስሞች አንዱን ይዞ ነው ያረጀው። ሰማንያ ዓመት በዚያ ስም ስንጠራው «ምነው እንዲህ ተባልክ?» ያለው የለም።

ቀበሌ ሄዶ የልደት ወረቀት መጠየቅ ላይ ጊዜ አታጥፉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከ1880 በፊት ያለ ጽሑፍ የምትፈልጉ ከሆነም ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ማቃጠሉን አትርሱ።

ፎቶውን ስታገኙ ደግሞ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ ሳይጎዳው አይላቀቅም። በእስክሪብቶም አትጻፉበት። እኔ ከ«1938» ሥር በለስላሳ እርሳስ «በእኛ 1930 ወይም 1931» ብዬ የክርስትና ስሙን አከልኩ። ለእምዬ አሳየኋት። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። «በዚህ እኮ ማንም አይጠራውም ነበር» አለችና የቤት ስሙን ነገረችኝ። እሱንም ጻፍኩት።