ቴከን ላይ ኬቢዲ እምቢ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ኬቢዲ (ኮሪያን ባክዳሽ) ማለት ቴከን በሚባለው የድብድብ ጌም ላይ ባክዳሽን እየቆረጡ ተከታትሎ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። ይሄን የምፅፈው ከስንቱ ልጅ ጋር ተቀምጬ ያንኑ አንድ ችግር ስፈታ ስለከረምኩ ነው። ባክዳሽ (ኋላን ሁለቴ መትቶ ወደ ኋላ መሸሽ) ምን እንደሆነ፣ ዊፍ ፐኒሽ (ተቃራኒህ ምት ሲስት መቅጣት) ምን እንደሆነ ታውቃለህ ብዬ ነው የምነሳው። ፓድህ እንደሚሰራና ቲቪው ጌም ሞድ ላይ እንዳለም አይተሃል፣ ካላየህ መጀመሪያ እሱን እይና ና።

ሙሉው ኢንፑት ይሄ ነው፦ ኋላ፣ ልቀቅ፣ ኋላ፣ ሰያፍ፣ ኋላ፣ ልቀቅ፣ ኋላ፣ ሰያፍ... እያለ ይቀጥላል። ሰያፍ የምለው ታች-ኋላን ነው። ባክዳሽ ላይ ሌላ ባክዳሽ ወዲያው መደረብ አይቻልም፣ ሰያፉ ግን ወደ ቁጭታ እየከተተ ይቆርጠዋል። ከዛ ከሰያፉ ወደ ኋላ ስትመለስ ያቺ ኋላ ለሚቀጥለው ባክዳሽ እንደ አንደኛዋ ትቆጠራለች። ይቺን ነገር ሁለቴ አንብባት፣ ከታች ያለው ጣጣ ሁሉ ከሷ ነው የሚመጣው።

ችግር፦ የመጀመሪያው ባክዳሽ ይወጣል፣ ሁለተኛው የለም

ከአስር ሰው ዘጠኙ የሚመጣብኝ ይሄን ይዞ ነው። ካራክተሩ አንዴ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁጭ ይላል፣ ከዛ ቀስ ብሎ እየተራመደ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። ልጁ ደግሞ «እጄ ቀርፋፋ ነው» ይላል። እጅህ ቀርፋፋ አይደለም ወንድሜ፣ እንደውም ፈጥነህ ነው የምታበላሸው። ሰያፉን ለቀህ ኋላ ላይ ስትደርስ እዛው ይዘህ ትቀራለህ፣ ወይ ደግሞ ከኋላ በቀጥታ ተመልሰህ ሰያፍ ትገባለህ፣ መሃል ላይ መልቀቋን ትዘላታለህ። ሳትለቅ ደግሞ ሁለተኛ ኋላ የለም፣ ሁለተኛ ኋላ ከሌለ ባክዳሽ የለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፕራክቲስ ሞድ ግባና የኢንፑት ታሪኩን አብራ። ከሰያፉ በኋላ ሁለት የተለያዩ የኋላ ቀስቶች ማየት አለብህ። አንድ ቀስት ብቻ ከታየህ አለቀ፣ አልለቀቅክም ማለት ነው፣ ከኔ ጋር አትከራከር፣ ከስክሪኑ ጋር ተከራከር።

አንዱ ጓደኛዬ ሁለት ወር ሙሉ ፓዱን ሲሰድብ ከርሞ ስቲክ (እጀታ ያለው መጫወቻ) ገዛ፣ ስቲኩም ላይ ያው ሆነ፣ ከዛ «ስቲኩ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሊሸጠው ሲል ነው እኔ ጋ የመጣው። ታሪኩን አበራሁለት፦ ሰያፍ፣ ኋላ፣ ሰያፍ፣ ኋላ፣ ሰያፍ። አንዴም አልለቀቀም! በሃያ ደቂቃ ተስተካከለ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ሰያፉን ጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ መሃል ይመለስና ከዜሮ ኋላ-ኋላ ይላል። ይሄኛው ባክዳሹ ይወጣለታል፣ ግን በየመሃሉ ቆሞ የሚያስብ ነው የሚመስለው፣ ያቺን በነፃ የተሰጠችውን ኋላ እየጣላት ነዋ።

መፍትሄው፦ ፍጥነትን እርሳው። አንድ ዙር ብቻ ስራ፣ ኋላ፣ ልቀቅ፣ ኋላ፣ ሰያፍ፣ ኋላ፣ ልቀቅ፣ ኋላ። ቁም። ታሪኩን እይ። ንፁህ ሆኖ አስር ጊዜ ሳይወጣ ሁለተኛ ዙር አትጨምር። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄደው፣ ዝግ ብለህም ብትሰራው ትርጉም አለው፣ ተሳስተህ ፈጥነህ ከምትሰራው በብዙ ይሻላል። ትልልቆቹን ተጫዋቾች አይቶ በነሱ ፍጥነት የሚጀምር ሰው ነው ሁሌ ስህተቱን የሚሸመድደው። ስሙ ኮሪያን ስለሆነ ደግሞ ኮሪያ ያልተወለደ አይችለውም የሚመስለው አለ፣ 2019 ላይ ኢቮ የሚባለውን ትልቅ የድብድብ ጌሞች ውድድር በቴከን የበላው ፓኪስታናዊው አርስላን አሽ ነው፣ ፍፃሜው ላይ የረታውም «ኒ» የሚባለውን ኮሪያዊ ነው።

ኪቦርድ ወይም ሌቨርለስ (እጀታ የሌለው፣ አቅጣጫውም በቁልፍ የሆነ መጫወቻ) ከሆነ የምትጫወተው፣ ጣጣው አለቃቀቅ ላይ ነው። ኋላን ይዘህ ታችን መታ ታደርጋለህ፣ መጀመሪያ የምትለቀው ታችን ነው፣ ከዛ ኋላን ለቀህ መልሰህ ትጫናለህ። ሁለቱን አንዴ ከለቀቅክ ነፃዋ ኋላ ጠፋች። ኋላን ካስቀደምክ ደግሞ ታች ብቻ ይቀርና ቁጭ እንዳልክ ተቃራኒህ ይመታሃል። ቅደም ተከተሉን በቀስታ አስለምደው፣ ይሄን በፍጥነት የተማረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ችግር፦ በመሃል ወደ ኋላ ይዘላል

ስቲክ ላይ ነው የሚበዛው። ከሰያፍ ወደ ኋላ ስትመልስ እጅህ አልፎ ወደ ላይ-ኋላ ይሄዳል፣ አየር ላይ ሆነህ ከተመታህ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ሙሉ በሙሉ መብላት ነው። ስቲኩን ጨምቀህ አትያዝ፣ በቃ።

ችግር፦ ከግራ በኩል ይሰራል፣ ከቀኝ አይሰራም

ስላልተለማመድክበት። ሁለቱንም ጎን እኩል ስራ።

ችግር፦ ኬቢዲው ቆንጆ ነው፣ ግን ሲስት ተቃራኒውን መቅጣት አልቻልኩም

ይሄ ሁለተኛው ትልቁ ነው፣ ብዙ ሰውም አይገባውም። ተቃራኒህ ይስታል፣ አንተ ሎንቸር (ተቃራኒን አየር ላይ የሚያነሳ ምት) ትጫናለህ፣ የሚወጣው ግን ሌላ የማይረባ ምት ነው። ምክንያቱ፦ ቁልፉን ስትጫን እጅህ ገና ሰያፉ ላይ ወይ ኋላ ላይ ነው፣ ጌሙም የዛን አቅጣጫ ምት ይሰጥሃል። ሰያፉን ረዘም አድርገህ ከያዝከው ደግሞ በደንብ ቁጭ ትላለህ፣ ከዛ ስትነሳ የሚወጣው ከቁጭታ የሚነሱበት ምት ይሆናል። ከኬቢዲ የምትወጣው ሁሌ ባክዳሹ ላይ ይሁን እንጂ ሰያፉ ላይ አይሁን። ተቃራኒውን ሪከርድ አድርገህ አንድ ረጅም ምት እንዲደጋግም አድርገው፣ አንተ አንዴ ብቻ ሸሽ፣ ልቀቅ፣ ምታ። እጅህ ካልደረሰ ከመጠን በላይ ሸሽተሃል፣ የሱ ምት አፍንጫህ ስር ነው ማለቅ ያለበት።

እባክህ ደግሞ በባዶ አትሽሽ። ስድስት ባክዳሽ ተከታትሎ እየሰራ ግድግዳ ጋ የሚለጠፍ ልጅ አውቃለሁ፣ ሲያዩት ያምራል፣ ዙሩን ግን ሁሌ ይሸነፋል። ግድግዳው ከኋላህ ከቀረበ ኬቢዲ ሞቷል፣ ሳይድስቴፕ (ወደ ጎን እርምጃ) አድርግና ዙር። ሁሌ በአንድ ዓይነት ሪትም የምትሸሽ ከሆነም ተቃራኒህ ሮጦ ይደርስብሃል፣ አንዳንዴ አንድ ባክዳሽ ሰርተህ ቆመህ ዝም ብለህ ብሎክ አድርግ።

ቴከን 8 ላይ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ተቃራኒህ ሂት (ለአጭር ጊዜ የሚጠነክርበት ሁኔታ) ውስጥ ሲገባ ብሎክ ብታደርግም ደምህ ይቀነሳል፣ ሂቱ ደግሞ በመሰረቱ 10 ሴኮንድ ነው፣ ስለዚህ ከኋላህ ቦታ ካለ ኬቢዲህን ለዛን ጊዜ አስቀምጠው። ቦታውን ሂት ሳይገባ በፊት ጨርሰህ ግድግዳ ጋ ከተገኘህ ግን እኔ ምን ላድርግህ።