ለሽንት ፊኛ ካንሰር ክትትል የሽንት ናሙና እንዴት ይሰጣል?

አባታችን የሽንት ፊኛ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ጀምሮ ናሙና የማድረሱ ሥራ የኔ ነው። ይህ ካንሰር ወጥቶም የመመለስ ጠባይ አለው። ስለዚህ በየጊዜው ሲስቶስኮፒ፣ ማለትም በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ፊኛውን ማየት፣ ይታዘዛል፤ ከሱ ጋርም ሳይቶሎጂ። ሳይቶሎጂ ከፊኛው ግድግዳ ተራግፈው በሽንት የሚወጡትን ሴሎች በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው።

ከምርመራው በፊት የሽንት ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) ወይም በቅርቡ የተሰጠ የቢሲጂ ሕክምና (ፊኛው ውስጥ የሚጨመር የካንሰር መድኃኒት) ካለ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ በማዘዣው ላይም ይጻፍ። እነዚህ ሁሉ ሴሎቹን ስለሚለዋውጡ ሳያስፈልግ ያስደነግጣሉ።

ትልቁ ጉዳይ የትኛው ሽንት ይወሰድ የሚለው ነው። ጠዋት እንደነቁ የሚሸናው የመጀመሪያው ሽንት ለሳይቶሎጂ አይሆንም። ሴሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ውስጥ ሲዘፈዘፉ አድረው ይበላሻሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለሌሎች ምርመራዎች “የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት” ሲባል ስለሰማሁ፣ አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተቀብዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ አዲስ አበባ አደረስኩት። ውጤቱ “ሴሎቹ ስለተበላሹ ለመመርመር አይበቃም” የሚል ሆነ። አባቴ ወረቀቱን ሁለቴ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና “ታዲያ አለ ወይስ የለም?” አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አሁን አባቴ የመጀመሪያውን ሽንት ይደፋሉ። ቁርስ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ናሙናውን እዚያው ላቦራቶሪው ግቢ ይሰጣሉ። 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል፤ ለተራ የሽንት ምርመራ የምትሰጠው ትንሽ ብልቃጥ አትበቃም። የታጠበ የማር ብልቃጥም አልመክርም፣ ንጹሕ ባለ ክዳን ዕቃ ከላቦራቶሪው ይጠይቁ። ስም፣ ቀንና ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል።

የግድ ከቤት የሚወሰድ ከሆነ ማቆያ ፈሳሽ አስቀድመው ከላቦራቶሪው ይቀበሉ። እሱ ከሌለ ናሙናው በፍሪጅ ወይም በአይስ ቦክስ ቀዝቅዞ በዚያው ቀን ይድረስ፤ በረዶ ግን እንዳይሆን።

ውጤቱ ሲመጣ፣ “ኔጌቲቭ” የሚለው ቃል ሲስቶስኮፒን አያስቀርም። ሳይቶሎጂ ሃይ ግሬድ የሚባለውን ክፉውን ዓይነት በመያዝ ጎበዝ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ሎው ግሬድ ግን ሴሎቹ ጤነኛ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ካንሰሩን በሽንት ውስጥ የሚፈልገው ኤንኤምፒ22 የተባለው የፕሮቲን ምርመራ ደግሞ ደም ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ሽንት ያለ ካንሰርም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በሳይቶሎጂው “አቲፒካል”፣ ማለትም ሴሎቹ ከተለመደው ለየት ያሉ ናቸው፣ ከተባለ ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ምርመራውን ሊደግም ወይም የሲስቶስኮፒውን ቀን ሊያቀርበው ይችላል። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ሽንት ላይ ደም ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ይሂዱ፣ የቀድሞ ውጤቶችንም ይያዙ።