ልጃችሁ አሜሪካ ያለ ወረቀት ከሆነ፦ መብቱ የቱ ጋ ነው፣ ከደሴስ ምን ይላክለታል?

ደሴ ውስጥ ሸዋ በር ሰፈርም ሆነ ቧንቧ ውሃ፣ ዘመድ አሜሪካ ያለው ቤት ሁሉ “ወረቀት የሌለው ሰው መብት የለውም” የሚለውን ወሬ ሰምቷል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን እንዲህ አይልም። አምስተኛውና አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ያለ ሕግ አግባብ ነጻነቱን አይነጠቅም የሚሉት “ሰው”ን ነው እንጂ ዜጋን ብቻ አይደለም። የእኛን ሕገ መንግሥት የገለጠ ነገሩ አይከብደውም፤ አንዳንዱ አንቀጽ “ማንኛውም ሰው” ሲል የምርጫው አንቀጽ 38 “ኢትዮጵያዊ ዜጋ” ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1886 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ልብስ አጥበው ለሚያድሩ ቻይናውያን ሲፈርድ ጥበቃው ዜጋ ላልሆነም እንደሚሠራ ተናግሯል። በ1982 ደግሞ ቴክሳስ ወረቀት የሌላቸውን ሕጻናት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማስቀረት እንደማትችል ወስኗል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጠውም። የሚሰጠው ሳይደመጥ እንዳይባረር ነው። እሱም ቢሆን ድንበር ላይ ይሳሳል፦ በ2020 ፍርድ ቤቱ ከድንበሩ 25 ያርድ ገብቶ የተያዘ ሰው ኮንግረስ ከፈቀደለት ሥርዓት በላይ መጠየቅ አይችልም ብሏል። በድንበር ፍተሻ ሳያልፍ የገባና 2 ዓመት መኖሩን ማሳየት ያልቻለ ሰውም ዳኛ ሳያይ በተፋጠነ መንገድ ሊባረር እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የደመወዝ ወረቀት ከነቀናቸው ፎቶ አንስቶ ለእናንተም ይላክ። መመለስ የሚፈራ ከሆነ ይህን ለኢሚግሬሽን መኮንኑ በግልጽ ይናገር። ጥገኝነት ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ከገባበት ቀን አንድ ዓመት ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚቀበሉት ምክንያት ጥቂት ነው።

የኢሚግሬሽን መኮንኖች በሩን ሲያንኳኩ አይክፈት፤ መጀመሪያ ወረቀቱን በመስኮት ያሳዩት ወይም በበሩ ሥር ያሳልፉለት። ማየት ያለበት ከላይ የተጻፈውንና ከታች የፈረመውን ነው። “አይ-200” ወይም “አይ-205” የሚል የኢሚግሬሽን ቅጽ የሚፈርመው የመሥሪያ ቤቱ መኮንን ነው። ቤት ለመግባት ግን በአራተኛው ማሻሻያ መሠረት የሚፈለገው የፍርድ ቤት ስም ያለበት፣ ዳኛ የፈረመበት፣ አድራሻው የተገለጸበት ማዘዣ ነው። ገፍተው ከገቡ “አልፈቀድኩም” ይበል እንጂ በእጁ አይከልክል። ስለ ትውልድ አገሩና ስለ አገባቡ ዝም የማለት መብት አለው፤ ስሙን መናገር ግን ግዴታ የሆነባቸው ግዛቶች አሉ። ዝም ማለት አንድ ነገር፣ መዋሸት ሌላ ነው፦ “የአሜሪካ ዜጋ ነኝ” ብሎ የዋሸ ሰው በኋላ ትክክለኛ ጉዳይ ቢኖረው እንኳ በሩ ለዘለቄታው ሊዘጋበት ይችላል።

ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ ክፍያው ግን ከራሱ ኪስ ነው። ማባረር በሕጋቸው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። በወንጀል ከተከሰሰና መክፈል ካልቻለ ያቆምለታል፤ ያ ጠበቃም ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ወደ መባረር ያደርሰው እንደሆነ ሊነግረው እንደሚገባ በ2010 ተወስኗል። ጠበቃ ሳይጠይቅ ምንም ወረቀት አይፈርም። “ፎርም እሞላለሁ” የሚል ያገር ሰው ጠበቃ አይደለም፤ ኬዝ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ተይዞ ድምፁ ከጠፋስ? አይስ (ስደተኛ የሚይዘውና የሚያባርረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት) የታሰረ ሰው የሚፈለግበት ድረ ገጽ አለው። ፍለጋው በሁለት መንገድ ነው፦ በኤ ቁጥር (ኢሚግሬሽን ለሰውየው በሚሰጠው መለያ ቁጥር) እና በትውልድ አገር፣ ወይም በሙሉ ስምና በትውልድ አገር። በስም ሲሆን ፊደሉ አንድ በአንድ መግጠም አለበት፤ ወሎ ላይ ጣጣው እዚህ ነው። “መሐመድ” በላቲን ሲጻፍ አንዱ በ“ኦ” አንዱ በ“ዩ”፣ አንዱ በአንድ “ኤም” አንዱ በሁለት ይጽፈዋል። በዚያ ላይ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም ስለሌለው አንዱ ወረቀት የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ከመጨረሻ ያስገባል። ስለዚህ ዛሬውኑ ባለ ዘጠኝ አኃዙን ኤ ቁጥር አስጽፉት፤ ቁጥሩ ስምንት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ይጨመርበታል። የፓስፖርቱንም የስም ገጽ ፎቶ ያዙ።

የዋስትና ዝቅተኛው 1,500 ዶላር ነው። በ2025 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በድንበር ፍተሻ ሳያልፉ የገቡትን የኢሚግሬሽን ዳኛ በዋስ መልቀቅ አይችልም ስላለ፣ ጠበቆች አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይዘው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ጠበቃውን ስለዚህ መንገድ ጠይቁት።

አሁን የእናንተ ሥራ። የልደት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ ስታወጡ ቀኑን ራሳችሁ መንዝሩ። ኅዳር 12 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ “12/3/1990” ተብሎ ከሄደ፣ እነሱ ወርን ስለሚያስቀድሙ ዲሴምበር 3 ቀን 1990 ብለው ያነቡታል፤ ልጁ ሰባት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ትክክለኛው ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ነው፤ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ትርጉሙ ላይ የትርጉም ቤቱ ማኅተም ብቻ አይበቃም። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ እውነተኛና ትክክለኛ መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፎ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና ፊርማውን ያስቀምጥ። ይህች አረፍተ ነገር ከሌለች ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ላይቀበል ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ለምን እንደፈለጋችሁት ቢሮ ለቢሮ አታውሩ፤ ኤምባሲም እሱ ሳይጠይቅ አትደውሉ።

ከፍርድ ቤት ቀጠሮ የቀረ ሰው በሌለበት እንዲባረር ይወሰንበታል፤ በሕመም ወይም በመሰለ ከባድ ምክንያት ጉዳዩን እንደገና ለማስከፈት ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። ቤት ከቀየረ አድራሻውን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ያሳውቅ፤ ያለዚያ ጥሪው የድሮ ቤቱ ይሄዳል። በስልክ “ቀጠሮዬ በ9 ሰዓት ነው” ሲላችሁ የማን 9 እንደሆነ ጠይቁ፦ የእነሱ የጠዋት 9 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ያ ሰዓት ሲሞላ ደሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ክረምታቸው ገብቶ ሰዓት ሲቀይሩ ደግሞ 11።